ጆን ኩፐር ክላርክ እና «ስናፕ፣ ክራክል ኤንድ ቦፕ»፦ ሙዚቃው ግጥሙን አነሳው ወይስ ተጫነው?

የሸክላ ወዳጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስለ ፓንክ ባንዶች ብዙ ተጫውተናል። ዛሬ ስለ አንድ ገጣሚ ልጻፍ። ጆን ኩፐር ክላርክ ይባላል። አልበሙ «ስናፕ፣ ክራክል ኤንድ ቦፕ» ነው፣ የ1980 ሥራ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሰውየው አይዘፍንም። ግጥሙን ይናገራል፣ ከኋላው ባንድ ይጫወታል። ሲወራ ቀላል ይመስላል። ሲሠራ ግን ወይ ግጥሙ ይጠፋል ወይ ሙዚቃው ይሞታል። ይህ አልበም ቢያንስ በአንድ ሥራ ላይ ሁለቱንም አትርፏል ባይ ነኝ። ልወያይበት የፈለግኩትም እሱን ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ። ክላርክ በ1949 ሳልፎርድ ውስጥ ተወለደ። ሳልፎርድ ከማንችስተር ጋር ወንዝ ብቻ የሚለያት የሠራተኛ ከተማ ናት። በ70ዎቹ መጀመሪያ ኮሜዲያንና ዘፋኝ በሚፈራረቁባቸው የማንችስተር የምሽት ክበቦች ግጥም ያነብ ነበር። ከዚያ ፓንክ መጣ። እሱም እንደ ባዝኮክስ ያሉ ባንዶች ከመውጣታቸው በፊት ማይክ ይዞ ብቻውን መድረክ ላይ ይቆም ጀመር። ቀጭን ሰው፣ የተንጨፈረረ ጸጉር፣ ጥቁር መነጽር፣ ጠባብ ሱሪ። ከበሮ የለ፣ ጊታር የለ። ታዳሚው ጩኸት የጠማው ወጣት ነው። ለግጥም ብሎ የመጣ አንድም ሰው የለም።

ክላርክ እዚያ የኖረው በፍጥነቱ ነው። ያንበለብለዋል። ስንኝ ስንኝን እየገፋ ይመጣል፣ ቤቱም አይስትም። እኔ እንደሚገባኝ ፍጥነቱ መከላከያ ነበር። አፍታ ዝም ካለ ያንን ዝምታ ሌላ ሰው በጩኸት ይሞላዋል።

ስቱዲዮ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። በ1977 ራቢድ በሚባል የማንችስተር ትንሽ ኩባንያ የመጀመሪያ ሥራውን አወጣ። ቀጥሎ ትልቁ ሲቢኤስ ወሰደውና በ1978 «ዲስጋይዝ ኢን ላቭ» መጣ። ፕሮዲዩሰሩ ማርቲን ሀኔት ነው፣ ያው ጆይ ዲቪዥን የሚባለውን የማንችስተር ባንድ የቀዳው ሀኔት። ሀኔት ቤዝ ይጫወታል፣ ስቲቭ ሆፕኪንስ ኪቦርድ። የባንዱ ስም ዘ ኢንቪዚብል ገርልስ።

አሁን ወደ ነጥቤ። «ስናፕ፣ ክራክል ኤንድ ቦፕ» ላይ «ቢዝሊ ስትሪት» የሚባል ግጥም አለ። ወደ 7 ደቂቃ ይጠጋል። ስለ አንድ የድሆች መንገድ ነው። እዚያ ክላርክ አይቸኩልም። ቤዙ ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ ኪቦርዱ ከሩቅ ይመጣል፣ እሱም ቃሉን አንድ በአንድ ያስቀምጣል። ጊዜውን ባንዱ ስለያዘለት ዝም ማለት ይችላል። በስንኝና በስንኝ መካከል ክፍተት አለ፣ በዚያ ክፍተት ውስጥ የሰማኸውን ታያለህ። መድረክ ላይ ብቻውን ቢሆን ይህን ማድረግ የሚችል አይመስለኝም።

ሙዚቃ ለግጥም የሚሰጠው ትልቁ ነገር ዜማ አይደለም፣ ጊዜ ነው እላለሁ። እናንተስ?


ስንኝ ቋጣሪ

ጥሩ ክር ነው፣ እጅህ ይባረክ። ግን አልስማማም።

ያው አልበም የሚጀምረው «ኤቪደንትሊ ቺክንታውን» በሚባለው ግጥም ነው። ስለ አንድ ምንም ስለማይሳካባት ከተማ ነው። ባቡሩ ይዘገያል፣ ቢራው መጥፎ ነው፣ ጎረቤቱ ያስጠላል። አንድ ስድብ በየስንኙ ይመላለሳል። ግጥሙ ምቱን የሚያገኘው ከዚያ ስድብ ነው። ከበሮው ራሱ ቃሉ ውስጥ አለ። ታዲያ ከኋላ ሌላ ከበሮ ሲጨመርበት ምን ይሆናል? አንዱን ሥራ ሁለት ሰው ይሠራዋል። ክላርክ ብቻውን ሲያነበው የሚያሳይ ቪዲዮ ፈልጋችሁ እዩና ከአልበሙ ጋር አስተያዩት። ብቻውን ሲሆን ያስፈራል። አልበሙ ላይ ጥሩ ነው፣ አያስፈራም።

እኔ ግጥም እጽፋለሁ። አዲስ አበባ ራስ ሆቴል የጦቢያ ግጥም በጃዝ ምሽቶችን እታደም ነበር። ግጥምና ጃዝ ሲጣመሩ ምን ያህል እንደሚያምር ስላየሁ ቅንብሩን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ሳክስፎኑ በጣም ሲያምር ሰው ለሳክስፎኑ ያጨበጭባል። ገጣሚው ምን እንዳለ ቤቱ ሲደርስ አያስታውስም። ደካማ ግጥምም በጥሩ ባንድ ይደበቃል።

ስለዚህ የኔ መለኪያ አንድ ነው። ባንዱን አውጡት። ግጥሙ ብቻውን ይቆማል? «ቢዝሊ ስትሪት» ይቆማል። ስለዚህ ሙዚቃውን አላስፈለገውም ማለት ነው።


ከማንችስተር

ሁለታችሁንም ሳነብ ደስ አለኝ። እዚህ ስኖር ቆይቻለሁ፣ ስለ መንገዱ ትንሽ ልጨምር።

«ቢዝሊ ስትሪት» የሚባል መንገድ ሳልፎርድ ውስጥ አትፈልጉ። ክላርክ መነሻ ያደረገው ሎወር ብሮተን ሰፈር ያለውን ካምፕ ስትሪትን ነው። ሎወር ብሮተን በኢርዌል ወንዝ ዳር ያለ ዝቅተኛ ቦታ ነው። ግድግዳቸው የተያያዘ የቀይ ጡብ ቤቶች፣ ፋብሪካ፣ ጭስ፣ እርጥበት። የሳልፎርድ ሕዝብ ለብዙ አስርት ዓመታት የኖረው እንዲህ ባሉ ቤቶች ነው። በ60ዎቹና በ70ዎቹ ማዘጋጃ ቤቱ ሰፈር በሰፈር እያፈረሰ በፎቅ ቤቶች ተካቸው። ክላርክ ራሱ ልጅ ሆኖ የሳንባ ነቀርሳ ታሟል። ስለዚህ ግጥሙ ውስጥ ያለው ቆሻሻ፣ በሽታና ሽታ በወሬ የሰማው አይደለም።

ግጥሙን ስትሰሙ አንድ ስም አለ፣ እንዳያመልጣችሁ። ኪዝ ጆሴፍ። ወግ አጥባቂ ፖለቲከኛ ነበር፣ የማርጋሬት ታቸር የሐሳብ አባት የሚባል። አልበሙ በወጣበት ዓመት የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ነው። በጥቅምት 1974 በርሚንግሃም ውስጥ ኤጅባስተን ላይ ንግግር አድርጎ ነበር። ልጅ ለማሳደግ የማይበቁ ያላቸው የዝቅተኛ መደብ እናቶች ብዙ ልጅ እየወለዱ ነው፣ የሕዝባችን ዘር አደጋ ላይ ነው የሚል መልእክት ነበረው። አገር ተንጫጫ። የፓርቲ መሪ የመሆን ዕድሉ እዚያው አከተመ፣ ታቸርም በእሱ ቦታ ተወዳድራ አሸነፈች።

ክላርክ ይህን ሰው ወስዶ በአንድ ስንኝ ውስጥ ፈገግ ያሰኘዋል። በዚያው ትንፋሽ ሕፃን ይሞታል። ማብራሪያ የለም። ድሃ ለምን ይወልዳል ያለን ሰው የሞተ ሕፃን አጠገብ አቆመው፣ አለቀ። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ቤት ያልፋል፣ መንገዱ ይቀጥላል።

ስንኝ ቋጣሪ፣ እዚህ ላይ ከሸክላ ወዳጅ ጋር ነኝ። ያን ስንኝ በፍጥነት ብትሰሚው ቀልድ ይመስልሻል፣ ሰው ይስቅና ያልፋል። አልበሙ ላይ ግን ባንዱ አይቆምም፣ አይጮኽም፣ ምንም ልዩ ነገር እዚህ ተባለ አይልም። እንደነበረው ይሄዳል። ልብ የሚሰብረው እሱ ነው።


ባሶ

የድምፅ ቅጂ ሥራዬ ስለሆነ ስለ ሀኔት ሳልናገር አላልፍም።

ሀኔት ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ነው። ድምፅንም እንደዚያው ነው የሚያየው፣ ይነጣጥለዋል። በ1979 ጆይ ዲቪዥንን ስቶክፖርት ውስጥ ስትሮቤሪ ስቱዲዮ ሲቀዳ የከበሮውን እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ንጹህ አድርጎ ለማግኘት ያላደረገው የለም። ኤኤምኤስ የሚባል ኩባንያ ያኔ አዲስ የሠራውን ዲጂታል ዲሌይ ይወድ ነበር። ዲሌይ ማለት ድምፁን በጣም አጭር ጊዜ አዘግይቶ የሚመልስ መሣሪያ ነው። በትንሹ ሲጠቀሙበት ማሚቶ አይሰማም፣ ድምፁ የቆመበት ክፍል ስፋት ነው የሚሰማው። ሀኔት ሙዚቃ ውስጥ ባዶ ቦታ መሥራት ያውቅበታል።

ይህ ለግጥም ምን ይጠቅማል? ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የሚናገር ድምፅና የሚዘፍን ድምፅ ቅጂ ላይ አንድ አይደሉም። ዘፋኝ ድምፁን ይይዘዋል፣ አናባቢውን ይጎትተዋል፣ ስለዚህ በጊታር መካከልም ቢሆን ይሰማል። ተናጋሪ ግን ቃሉ አጭር ነው። ትርጉሙ ያለው ተነባቢዎቹ ላይ ነው፣ ት፣ ክ፣ ስ፣ ች። እነዚህ ደግሞ ከሲምባልና ከጊታር ጋር አንድ አካባቢ ነው የሚሰሙት። ጊታሩ ከጮኸ ቃሉ ይበላል። ስለዚህ ለተናጋሪ የሚሠራ ሰው የላይኛውን ቦታ ባዶ መተው አለበት። ታች ቤዝ፣ ራቅ ብሎ ኪቦርድ፣ መካከሉ ለሰውየው።

የመጀመሪያው «ዲስጋይዝ ኢን ላቭ» ላይ የባዝኮክሱ ፒት ሼሊና ቢል ኔልሰን ጊታር ተጫውተዋል። ሁለቱም ግሩም ጊታሪስቶች ናቸው። ግን አንዳንድ ቦታ ባንዱ የሮክ ዘፈን ይጫወታል፣ ገጣሚው ደግሞ በላዩ ላይ ያነባል። ሁለት ነገር ነው የሚሰማው። በ1980 ግን ሀኔት ቦታ መልቀቅ ተምሯል። ወይም እነ «ቢዝሊ ስትሪት» ራሳቸው አስገድደውታል።

ስንኝ ቋጣሪ ስለ «ቺክንታውን» ያልሽው ግን እውነት አለው። እዚያ ባንዱ ከሰውየው ጋር እሽቅድምድም ይገባል።


አዲስ ጆሮ

ይቅርታ፣ እኔ ለዚህ ዓለም አዲስ ነኝ። ይህ ሰው አርክቲክ መንኪስ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ የሚዘፍነውን «አይ ዋና ቢ ዩርስ» የጻፈው ነው? ያ ዘፈን በጣም ነው የምወደው።


የሸክላ ወዳጅ

አዎ ወንድሜ፣ እሱ ነው። ግጥሙ የክላርክ ነው። በ1982 «ዚፕ ስታይል ሜተድ» የሚባል አልበሙ ላይ አለ፣ ያው ከኢንቪዚብል ገርልስ ጋር። የአርክቲክ መንኪሱ አሌክስ ተርነር ገና ስሙ ሳይወጣ ሼፊልድ ውስጥ አንድ የሙዚቃ አዳራሽ ባር ላይ ይሠራ ነበር። ክላርክን እዚያ መድረክ ላይ አይቶ ነው የተማረከው። በ2013 «ኤኤም» የሚለውን አልበማቸውን በዚያ ግጥም ዘጉት። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ከቢሊዮን ጊዜ በላይ ተደምጧል።

ለዚህ ክር በጣም ጥሩ ምሳሌ አመጣህ። ግጥሙ የፍቅር ነው። ተናጋሪው ራሱን ለሚወዳት ሰው እንደ ተራ የቤት ዕቃ ያቀርባል፣ አቧራ መጥረጊያ ማሽን፣ ማሞቂያ፣ የዝናብ ካፖርት። ክላርክ ሲለው ፈጣንና ሳቂታ ነው፣ እያንዳንዱ ዕቃ ሲጠራ ፊትህ ይፈካል። ተርነር በቀስታ ይዘፍነዋል፣ አንዳንድ ቃል ይቀይራል፣ አዝማች ይጨምርበታል። ያው ቃል ናፍቆት ይሆናል። ግጥሙ ሁለቱንም ይችላል። እንግሊዝ አገር ለትምህርት ቤት ፈተናም ሲጠና የኖረ ግጥም ነው፣ በሠርግም ይነበባል።

የትኛው ይሻላል ብትለኝ ለእኔ የክላርኩ ነው። ሳቁ ሲጠፋ ትሕትናውም አብሮ ይቀንሳል።


ጋሽ ብሪክስተን

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ክሩን ሳነብ ቆይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ለንደን ከገባሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፣ የቆየሁትም ደቡብ ለንደን ነው። ስለ ክላርክ የምትሉት መልካም ነው። ነገር ግን የዚያ ዘመን ግጥምና ሙዚቃ ሲነሣ ሊንተን ክዌሲ ጆንሰን ካልተጠራ ጨዋታው ጎደሎ ነው።

ሊንተን በ1952 ጃማይካ ገጠር ተወለደ። በ1963 እናቱ ዘንድ ደቡብ ለንደን፣ ብሪክስተን ሰፈር መጣ። ገና ተማሪ ሳለ የብሪታንያ ብላክ ፓንተር ወጣቶች ውስጥ ገባ። ጎልድስሚዝስ ኮሌጅ ሶሲዮሎጂ አጠና። በ1975 የግጥም መጽሐፉ «ድሬድ ቢት ኤንድ ብለድ» ወጣ፣ በ1978 በዚያው ስም አልበም ሆነ። ቀጥሎ በ1979 «ፎርስስ ኦፍ ቪክትሪ»፣ በ1980 «ባስ ከልቸር»። አቀናባሪው ዴኒስ ቦቨል ነው፣ የማቱምቢ ባንድ ጊታሪስት።

«ፎርስስ ኦፍ ቪክትሪ» ላይ «ሳኒስ ሌታ» የሚል ግጥም አለ። ከብሪክስተን እስር ቤት አንድ ልጅ ለእናቱ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። እናቱ ታናሽ ወንድሙን ጂምን አደራ ብላው ነበር። ሁለቱ አውቶቡስ እየጠበቁ ፖሊሶች መጥተው ጂምን ያዙት። ጂም እምቢ ሲል ደበደቡት። ታላቁ ዝም ብሎ ማየት አልቻለም፣ ገባበት። አንድ ፖሊስ ወድቆ ሞተ። ጂም በ«ሰስ» ተከሰሰ፣ ሳኒ በግድያ።

«ሰስ» ምን እንደሆነ ላስረዳ። በ1824 ስለ ቦዘኔዎችና ቤት አልባዎች በወጣ ሕግ አንድ አንቀጽ ነበር። ፖሊስ ወንጀል ሊሠራ አስቦ ይንቀዋለላል ብሎ የጠረጠረውን ሰው ማሰር ይችላል። የተሰረቀ ነገር አያስፈልግም፣ ተሰረቅሁ የሚል ሰውም አያስፈልግም። የሁለት ፖሊሶች ቃል ይበቃል። በ70ዎቹ ይህ አንቀጽ በጥቁር ወጣቶች ላይ ወደቀ። የስንቱ እናት ቤት እንዳንኳኳ አይነገርም። የተሻረው በ1981 ነው፣ ብሪክስተን በረብሻ በተቃጠለበት ዓመት።

አቀናባሪው ቦቨልም ነገሩን የሚያውቀው ከሩቅ አይደለም። በ1974 ሰሜን ለንደን ክሪክልውድ አንድ ክበብ ውስጥ ሙዚቃ ሲያጫውት ፖሊስ ገባ፣ ረብሻ ተነሣ። እሱም ተፈርዶበት ለወራት ታስሮ በይግባኝ ነጻ ወጣ። «ሳኒስ ሌታ» ላይ ድብደባው ሲነገር ቃሉና ከበሮው እኩል ይመታሉ። ያንን ምት ያቀናበረው እስር ቤት የቀመሰ ሰው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ልጆች። ብዙ ሐበሻ ሬጌ ሲሰማ ወዲያው ራስታን፣ ጃንሆይንና ሻሸመኔን ያስባል። ሊንተን ራስታ አይደለም። ቋንቋቸውንና ከበሯቸውን ያከብራል፣ መጀመሪያ አካባቢም ከራስታ ከበሮ መቺዎች ጋር ሠርቷል። ግን «ሪያሊቲ ፖየም» በሚለው ሥራው ዘመኑ የእውነታ ነው፣ አፈ ታሪኩን እንተወው ይላል። ትግሉ እዚሁ ብሪክስተን፣ እዚሁ ሳውዝሆል ነው ባይ ነው። ስሟ ስለተጠራ ብቻ ኢትዮጵያን የሚያወድስ ግጥም ከእሱ የሚጠብቅ ሰው ሊያዝን ይችላል። እኔ ግን በዚህ አቋሙ አከብረዋለሁ።


ስንኝ ቋጣሪ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ወንድማማቾቹ ያሉትን ሳነብ አለቀስኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሊንተን ያለ ባንድ ሲያነብ ሰምተውት ያውቃሉ? የኔን መለኪያ በእሱ ላይ መሞከር ፈልጌ ነው። ሙዚቃው ሲወጣ የሬጌው ምት ይቀራል ወይስ ይሄዳል? ክላርክ ብቻውን ሲያነብ ፍጥነቱ ያድነዋል። ሊንተን ግን ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።


ጋሽ ብሪክስተን

ልጄ፣ ሰምቼዋለሁ። ያለ ባንድ ያነበበው አልበምም አለው፣ በ1996 የወጣ። ጥያቄሽ ተገቢ ነው።

መልሱ፣ ምቱ ይቀራል። ሊንተን ሲጽፍ በልቡ የቤዝ መስመር እየሰማ እንደሚጽፍ ደጋግሞ ተናግሯል። እያንዳንዱ ስንኝ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያ ቤዝ ወስኖታል። ስለዚህ ባንዱን ስታወጪው ቤዙ አይወጣም። እሱ ቆሞ ሲያነብ እግርሽ ራሱ ይመታል። አዳራሹ በሙሉ ዝም ብሎ አንገቱን ሲነቀንቅ አይቻለሁ፣ መድረክ ላይ አንድም መሣሪያ ሳይኖር።

ባንዱ ሲመለስ ደግሞ አዲስ ነገር አይጨምርበትም። ግጥሙ ውስጥ የነበረውን አውጥቶ ያሰማል እንጂ። ቦቨል ከቦታው አያልፍም። የክላርክ ባንድ ግጥሙ ካለቀ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። የሊንተን ባንድ ግን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ አብሮ አለ። ልዩነቱ ይህ ነው እላለሁ።


ባሶ

ጋሼ፣ የመጨረሻዋ አባባልዎ ትልቅ ናት። አንድ ማስረጃ ከአሜሪካ ልጨምር።

ገጣሚና ሙዚቀኛው ጊል ስኮት ሄረን «ዘ ሬቮሉሽን ዊል ኖት ቢ ቴሌቫይዝድ» የሚለውን ግጥም ሁለት ጊዜ ቀድቶታል። መጀመሪያ በ1970፣ በእጅ ከሚመቱ ከበሮዎች ጋር ብቻ። በ1971 እንደገና፣ በሙሉ ባንድ፣ ሮን ካርተር ቤዝ ላይ፣ ሂዩበርት ሎስ ዋሽንት ላይ። ቃሉ ያው ነው። መጀመሪያ የቀዳው የሠፈር ስብሰባ ላይ የተነሣ ሰው ይመስላል፣ ይቆጣል፣ ፊት ለፊት ያናግርሃል። ሁለተኛው ላይ ቤዙ ስለሚያረማምደው አይቆጣም። ተዝናንቶ፣ እርግጠኛ ሆኖ ያወራል። ዓለም የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው።

ሁለቱን በተከታታይ ስሟቸው። ስንኝ ቋጣሪ መጀመሪያውን እንደምትመርጪ አልጠራጠርም። እኔ ሁለተኛውን ነው። ሰው ሲረጋጋ የሚናገረውን የበለጠ አምነዋለሁ፣ «ቢዝሊ ስትሪት»ንም የወደድኩት በዚሁ ነው።


ከማንችስተር

ስለ ክላርክ የኋላ ታሪክ የጠየቀ የለም፣ ግን ሊባል ይገባል።

ከ1982ቱ አልበም በኋላ ለብዙ ዓመታት አልበም አልነበረውም። ሄሮይን ይዞት ነበር። 80ዎቹን የኖረው በዚያ ነው፣ ለተወሰነ ጊዜም ብሪክስተን ውስጥ ከዘፋኟ ኒኮ ጋር አንድ ቤት ኖሯል። የቁርስ እህል ማስታወቂያ ሠርቷል፣ ኑሮ ነውና። ሀኔት ደግሞ በ1991 ሞተ፣ ገና 42 ዓመቱ። ኢንቪዚብል ገርልስ የሚባል ነገር በዚያው አበቃ።

ክላርክ ተረፈ። ተመልሶም ቆመ፣ ያው ማይክና ያው ጥቁር መነጽር፣ ባንድ የለም። በ2007 «ዘ ሶፕራኖስ» የሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ አንዱን ክፍል በ«ቺክንታውን» ሲዘጋ አሜሪካ ውስጥ አዲስ አድማጭ አገኘ። በ2013 ሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በወጣትነቱ እዚያው ሳልፎርድ ቴክኒክ ኮሌጅ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበር።

ለ«ቢዝሊ ስትሪት» ተከታይ ግጥምም ጽፎለታል፣ «ቢዝሊ ቡልቫርድ» ይባላል። መንገዱ ታድሶ፣ ሀብታም ገብቶበት። ዛሬ የሳልፎርድን ወንዝ ዳር ብታዩት ለምን እንደጻፈው ይገባችኋል፣ የመስታወት ፎቅ በፎቅ ነው። እሱን ግን ብቻውን ሲያነበው ነው የሰማሁት፣ በፍጥነት፣ ሰውን እያሳቀ። የድሮውን ክብደት አላገኘሁበትም። ቃሉ ደክሞ ይሁን ሀኔት ጎድሎ መለየት ይከብዳል። እኔ ሀኔት ነው የጎደለው ባይ ነኝ።


አዲስ ጆሮ

ትናንት ማታ «ቢዝሊ ስትሪት»ን በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። እንግሊዝኛው ስለሚከብደኝ ግጥሙን ከፍቼ እያነበብኩ ነው የሰማሁት። ሁለተኛ ስሰማው ሳላነብ። መጀመሪያ ላይ ምንም ዓይነት አዝማች ስለሌለው መቼ ነው የሚያልቀው ብዬ ነበር። ቤት ይመታል፣ የመንገዱ ስም ይመለሳል፣ እንደገና ሌላ ቤት። ቆይቶ ግን ያ የመንገድ ስም ራሱ አዝማች ሆነብኝ። በመጣ ቁጥር ከዚያ መንገድ አትወጣም የሚለኝ መሰለኝ።

ከዚያ «ሳኒስ ሌታ»ን ከፈትኩ። ጋሼ፣ ስለ ከበሮው ያሉት እውነት ነው። ሁለት ጊዜ መስማት አልቻልኩም።


ስንኝ ቋጣሪ

አዲስ ጆሮ፣ ስለ መንገዱ ስም ያልከው ከሁላችንም ይበልጣል። አዝማቹን የሠራው ገጣሚው ነው፣ ባንዱ አይደለም። ለዚህ ነው አሁንም ከሐሳቤ ያልተነቃነቅኩት። ከማንችስተር፣ «ቡልቫርድ» ላይ የጎደለው ሀኔት ነው ያልከውንም አልቀበልም። የመጀመሪያው ግጥም ውስጥ የሚሞት ሕፃን አለ። ሁለተኛው ውስጥ ማን ይሞታል? የቀለለው ለዚህ ይመስለኛል።


የሸክላ ወዳጅ

እሺ፣ አንቺ ባለሽበት እኔም ባለሁበት ነን። ግን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። «ዚፕ ስታይል ሜተድ»ን በዚህ ክር ላይ ማንም በደንብ አልነካውም። የመጨረሻው የሀኔት ሥራ ከክላርክ ጋር ነው፣ ድምፁም ከሁለቱ ይለያል። ቅዳሜ ድረስ ሁላችንም እንስማውና እንመለስ። ባሶ፣ አንተ የተናጋሪው ድምፅ ከመሣሪያዎቹ መካከል የት እንደተቀመጠ ስማልን። ስንኝ ቋጣሪ፣ አንቺ ደግሞ ያለ ባንድ የማይቆም ግጥም ካገኘሽ የትኛው እንደሆነ ጻፊ፣ እኔ አንድ አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ «ባስ ከልቸር»ን ቢጨምሩልን ደስታችን ነው።


ጋሽ ብሪክስተን

እጨምራለሁ። ግን «ባስ ከልቸር»ን በስልክ ድምፅ ማጉያ እንዳትሰሙት አደራ። ቤዙ አይወጣም። ደህና ስፒከር ያለው ሰው ቤት ሂዱ።